የአባዬ ግፊት የወረደበት ሳምንት

የካቲት 3፣ ሰኞ

የዛሬው ሙቀት ለጉድ ነው። መብራት ከረፋዱ ጀምሮ የለም። ፍሪጅ ውስጥ ያለውን ኢንሱሊን በረዶ ወዳለበት ሳጥን አዛወርኩት። በረዶውን የለመንኩት ከዓሣ ሻጮቹ ነው። የምሠራበት ፋርማሲ ባለቤት ነጅሚያ "ኢንሱሊኑ ዓሣ ዓሣ ከሸተተ በሎሚ እንሸጠዋለን" ብላ አሳቀችኝ።

ከሰዓት አባዬ ከአቦቦ መጣ። ነገ የደም ግፊት ቀጠሮው ነው። ባዶ እጁን መምጣት አያውቅም፤ ይኸው አንድ ጆንያ በቆሎ በባጃጅ ጭኖ። ለአንድ ሴት አንድ ጆንያ! ማን ይበላዋል? "ጎረቤት የለሽም እንዴ?" አለኝ።

ከስቷል? ወይስ ሳላየው ቆይቼ ነው? ራት ላይ ስለ በሬው ብቻ አወራ። እኔ ስለ ግፊቱ፣ እሱ ስለ በሬው።

የካቲት 4

ዶክተር ኪየር ጋ ሄድን። 212 በ124።

ሁለቴ ለካው። ክንድ ቀይሮ ለካው። ያው ነው።

"አባቴ፣ ሦስቱንም መድኃኒት ይወስዳሉ?"

"እወስዳለሁ።"

"በየቀኑ?"

"ታዲያ!"

ይህን ሲል ባርኔጣውን ጭኑ ላይ ያገላብጥ ነበር። ዶክተሩ ወደ እኔ ዞረ። በአንድ ዓመት ውስጥ ከአንድ ወደ ሁለት፣ ከሁለት ወደ ሦስት አሳደግሁ፣ ቁጥሩ ግን ንቅንቅ አላለም አለኝ። አፈርኩ። መድኃኒት የምሸጥ ሰው... የገዛ አባቴ 212!

ሳምንቱን እኔ ዘንድ እንዲቆይ ተስማማን። የታዘዘውን በእጄ እሰጠዋለሁ፣ ጠዋትና ማታ እለካዋለሁ፣ ሰኞ እንመለሳለን። "ምንም አትቀንሺ፣ ምንም አትጨምሪ። ቁጥሩ ቶሎ ከተለወጠ ደውዪልኝ" አለ።

ስንመለስ እማዬ ትዝ አለችኝ። ወለተሥላሴዬ። እሷንም ግፊት ነው የወሰዳት፤ ጠዋት ራሴን አለች፣ ማታ አልነበረችም። ኮሌጅ ነበርኩ። ቀብሯ ላይ እንኳ አልደረስኩም። ሦስት ዓመት ሆነው።

ለአባዬ ግን እደርስለታለሁ።

የካቲት 5

ቁርሱን አበላሁና ሦስት ኪኒን መዳፉ ላይ አስቀመጥኩለት። ትክ ብሎ አያቸው።

"ሦስቱንም? አሁኑኑ?"

"ታዲያ ለመቼ ልታስቀምጣቸው ነው?"

ሳቀ። አንድ በአንድ ዋጣቸው። አፍህን ክፈት አልኩት። ምላሱን አውጥቶ አሳየኝ። "እናትሽን ነው የወጣሽው። ትእዛዝ ትወጃለሽ።"

ማታ ለካሁት። 184 በ108። በአንድ ቀን! አንድ ዓመት ያልነቃነቀው ግፊት በእኔ እጅ በአንድ ቀን።

የካቲት 6፣ ሐሙስ

172 በ100።

ለዶክተሩ ልደውል? ወደ ታች እኮ ነው የወረደው። ለደግ ነው። ለዚህ ምን ያስደውላል?

ግን ለምን 172 ላይ ቆመ? ቀን ሙሉ ሥራ ላይ ይህን ሳስብ ዋልኩ። ለሰው ኪኒን ስቆጥር አባዬን አስባለሁ። እማዬ የሞተች ቀን 170 ነበረች ብለውኛል... ከዚህ ቁጥር ጋር አንድ ቤት ማደር አልፈልግም።

ማታ ከፋርማሲው መደርደሪያ ግፊት ቶሎ የሚያወርደውን አንድ ፍሬ ይዤ መጣሁ። አራተኛ። አባዬ አልጠየቀኝም። ከእጄ ተቀብሎ ዋጠው።

የካቲት 7

128 በ82!!

እውነት ነው? ሦስቴ ለካሁት። እልልታ አማረኝ። ለወንድሜ ለወንዶሰን ደወልኩ። መንደር ነው፣ ከአባዬ ጋር የሚያርሰው እሱ ነው። "አንቺ ቀድመሽ ብትይዢው ኖሮ እኮ!" አለኝ። ኮራሁ።

አባዬ ስነሳ ዓይኔ ይጨልማል አለ። "ቤርሳቤ፣ ራሴ ባዶ ቅል ሆነብኝ።" ሰውነትህ ከፍ ያለውን ግፊት ለምዶ ነው፣ ይለምደዋል አልኩት። እንዲህ ብዬ ለስንቱ ደንበኛ ነግሬያለሁ።

ማታ አራተኛውን ደገምኩት።

የካቲት 8፣ ቅዳሜ

116 በ74። የሃያ ዓመት ጎረምሳ ግፊት! የመለኪያውን ፎቶ አንስቼ ለወንዶሰን በቴሌግራም ላክሁለት።

አባዬ ቀኑን ሙሉ ተኛ። ሲነቃ በእማዬ ስም፣ ወለቴ ብሎ ጠራኝ። "ወለቴ፣ በሬው ታሰረ?" ሳቅሁበት። የሰላም እንቅልፍ ነው፣ ስንት ዓመት ያልተኛውን አልኩ።

ማታም ሰጠሁት። እንዲጸና ብዬ።

የካቲት 9

አባዬ ወደቀ። ሆስፒታል ነን።

የካቲት 10፣ ሰኞ

ከትናንት ወዲህ አሁን ነው መጻፍ የቻልኩት።

ጠዋት ለቤተ ክርስቲያን ሊነሳ አለ። ነጠላውን ሳቀብለው በቀኝ እጁ መያዝ አቃተው። ነጠላው ወደቀ፣ ከዚያ እሱ። አባዬ! አባዬ! አየኝ። አፉን ከፈተ። ድምፅ አለው፣ ቃል የለውም። "አ... አ..." ብቻ። አፉ ወደ ግራ ሄዷል።

ሆስፒታል ሲለኩት 102 በ60። ነርሷ "ግፊቱስ ደህና ነው" አለች። ደህና ነው...

ዶክተር ኪየር መጣ። ጉሉኮስ አስቀጠለለት፣ መድኃኒቱን ሁሉ አስቆመ። ኮሪደር ላይ ያዘኝ።

"ከታዘዘው ሌላ የሰጠሽው ነገር አለ?"

"የለም።"

ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም። ሳላስብ ነው የመለስኩት። ካልኩት በኋላ ደግሞ መልሼ መዋጥ አቃተኝ።

ወንዶሰን ማታ ደረሰ። እጄን ይዞ "አይዞሽ፣ አንቺ የምትችይውን አድርገሻል" አለኝ።

የካቲት 12

ቃል የለም። ቀኝ እጁ ሙት ነው። ውሃ ሲሰጡት ወደ ሳንባው ስለሚሄድ በአፍንጫው ቱቦ አስገብተውለታል።

ዛሬ ዶክተሩን ጠየቅሁት። ግፊቱ ወርዶ እያለ እንዴት ስትሮክ ይመታዋል? ከፍ ሲል አይደለም እንዴ የሚመታው? ጅማ ሄዶ ራሱን ሲቲ ስካን ካልተነሳ እርግጠኛ መሆን አይቻልም አለኝ፤ በዚህ ሁኔታ ግን መንገዱን አይችለውም። ከዚያ ካርዱን ገልብጦ በእስክሪብቶ መስመር ሠራልኝ። መጀመሪያ የሚወጣ፣ መሃሉ ሜዳ የሆነ፣ መጨረሻው እንደገና የሚወጣ።

"በዚህ በኩል ግፊት ነው፣ በዚህ በኩል አእምሮ የሚደርሰው ደም። ሜዳውን አየሽ? እዚህ ላይ ግፊቱ ቢወጣም ቢወርድም አእምሮ የሚያገኘው ደም ያው ነው። ግፊት ሲጨምር የአእምሮ የደም ሥሮች ይጠባሉ፣ ሲቀንስ ይሰፋሉ። ስንቀመጥ፣ ስንነሳ፣ ስንቆጣ... ማንም ሳያዛቸው ይሠራሉ።"

ከዚያ ሌላ መስመር ሠራ። ያው ዓይነት፣ ግን ወደ ቀኝ የተገፋ።

"ይሄ ደግሞ ለዓመታት ከፍ ባለ ግፊት የኖረ ሰው ነው። ሥሮቹ ደንድነዋል። ሜዳው እንዳለ ወደ ላይኛው ግፊት ሄዷል። ለአንቺ 116 መሃል ሜዳ ነው። ለአባትሽ ግን ከሜዳው ውጭ ነው፤ ሥሮቹ እስከ መጨረሻው ቢከፈቱም አይበቃም። ደሙ ያንሳል። አእምሮ ይራባል።"

"እንዲወርድለት አይደለም እንዴ የምንለፋው?"

"በሳምንታት፣ በወራት። ቀስ ብሎ ሲወርድ ሜዳውም አብሮ ሊመለስ ይችላል። በአራት ቀን ግን..."

ይህን መስመር አውቀዋለሁ። ሁለተኛ ዓመት ላይ ለፈተና ሸምድጄው አልፌበታለሁ። ሜዳውን፣ ሁለቱን ጫፍ፣ ወደ ቀኝ መገፋቱን ሁሉ። በአባዬ ራስ ውስጥ ይኖራል ብዬ ግን አላሰብኩም። እኔ የማየው ክንዱ ላይ ያለውን ቁጥር ነበር። 116 ብዬ ፎቶ ሳነሳ አእምሮው ደም አጥቶ ነበር ማለት ነው። ወለቴ ሲለኝ...

ዶክተሩ ሲወጣ "አንድ ያልገባኝ ነገር አለ" አለ። "ሦስቱን መድኃኒት ዓመት ሙሉ የለመደ ሰው በመጀመሪያው ቀን እንዲያ አይወርድም።"

የእኔም ጥያቄ ነው። አራተኛውን የሰጠሁት በሁለተኛው ቀን ነው። በመጀመሪያው ቀን 184 ያደረሰው ምንድን ነው?

የካቲት 14፣ ዐርብ

ጋሼ ኦጅዋክ ከአቦቦ መጣ፣ ልጁ አጁሉ ደግፋው። እሷ ትየርኪዲ ካምፕ ስደተኛ መዝጋቢ ናት፤ ፈቃድ ጠይቃ ነው የመጣችው።

በሰፈራ ጊዜ፣ በ77፣ አባዬን ከወሎ አምጥተው አቦቦ ሲያወርዱት አልዌሮ ወንዝ ላይ ዓሣ ማጥመድ ያስተማረው ጋሼ ኦጅዋክ ነው። አባዬ ደግሞ በሬ መጥመድ አስተማረው። እርሻቸው ድንበርተኛ ነው። ጋሼ አኝዋክኛ፣ አባዬ አማርኛ እያወሩ ሲግባቡ ነው ያደግሁት።

አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። የአባዬን ሙት እጅ አንስቶ ጭኑ ላይ አደረገው። ከዚያ ማንንም ሳያይ፣ አባዬን በስሙ ጠርቶ ተናገረ።

"የይግዛው መድኃኒት እኔ ሆድ ውስጥ ነው።"

ወንዶሰን ምን ማለት ነው አለ።

"እኔም ግፊት አለብኝ። መታወቂያዬን ጎርፍ ወሰደው። ያለ እሱ የጤና መድን ካርድ የለም አሉኝ። ይግዛው ምን ችግር አለ አለ። አንድ ቀን እሱ፣ አንድ ቀን እኔ። ዶክተር ሲጨምርለት ደስ አለን። ለሁለት ሰው ደረሰ አልን።" ትንፋሹን ሰበሰበ። "ከገና በኋላ እኔ ባሰኝ። ራሴ ተሰነጠቀ። ይግዛው 'እኔን ምንም አላመመኝም፣ ሁሉንም አንተ ውሰድ' አለ።"

ስለዚህ አባዬ ከገና ወዲህ አንድም አልዋጠም። ዶክተሩ ያልነቃነቀውን ቁጥር እያየ ይጨምራል፣ እነሱ ሲጨመርላቸው ደስ ይላቸዋል... እኔ ደግሞ ሦስቱን ባንዴ። "ሦስቱንም? አሁኑኑ?" ያለኝ ለካ ለዚህ ነው። በዚያ ላይ አራተኛውን።

ወንዶሰን ተነሳ። "አባቴን በላኸው!" አለው። ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። "ውጣ! ሁለተኛ እዚህ እንዳላይህ! ድሮም እናንተ..." አለና ቆመ።

እናንተ አለ። አንተ አይደለም፣ እናንተ። አጁሉ ቀና ብላ አየችው። አባቷን ደግፋ አስነሳችው።

ያኔ መናገር ነበረብኝ። አፌን ከፈትኩ። "ወንዴ፣ ተው" ብቻ አልኩ።

በር ላይ ጋሼ ኦጅዋክ ወደ እኔ ዞረ። "ልጄ፣ ከዛሬ በኋላ አልውጥም። የእሱ ነው።"

የካቲት 15

አልተናገርኩም።

ጋሼ ኦጅዋክ መድኃኒቱን ባንዴ ካቆመ ግፊቱ ይነሳበታል። ይህን ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነኝ። በእኔ ዝምታ ሁለተኛ ሰው... እና ምን ብዬ ልናገር? ለወንዶሰን? "የምትችይውን አድርገሻል" ላለኝ ሰው?

አባዬ ባያካፍለው ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር እላለሁ። እውነት ነው። ዶክተሩም መጠየቅ ነበረበት እላለሁ። እሱም እውነት ነው። ከዚያ ያ አራተኛ ኪኒን ይመጣብኛል። ትንሽ፣ ክብ። አባዬ ሳይጠይቀኝ የዋጠው።

የካቲት 17፣ ሰኞ

ዐቢይ ጾም ገባ። በሕይወቱ አንድ ጾም አጉድሎ የማያውቅ ሰው በቱቦ ወተት እየተሰጠው ነው። ቄሱን ጠየቅናቸው። "ሕመሙ ጾሙ ነው" አሉን። ነርሷ ወተቱን በሲሪንጅ ስታወርድ አባዬ በግራ እጁ ቱቦውን ሊነቅል ታገለ። ገብቶታል ማለት ነው? ያውቃል ማለት ነው? ይዤ ያስተኛሁት እኔ ነኝ። አለቀስኩ። እሱም አለቀሰ፣ በአንድ ዓይኑ።

የካቲት 20

ነገርኩት።

ወንዶሰን ሻይ ሊጠጣ ሲወጣ ጆሮው ሥር ጎንበስ ብዬ ሁሉንም ነገርኩት። አባዬ፣ ዶክተሩ ያላዘዘውን ሰጥቼሃለሁ። ሦስት ማታ። እማዬን እንዳጣኋት እንዳላጣህ ብዬ ነው። ሲጠይቁኝ ዋሸሁ። በጋሼ ኦጅዋክ ላይ ሁሉንም ጭነውበታል፤ ዝም አልኩ።

ዓይኑ ክፍት ነበር። ጣሪያውን ያያል። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ሰምቶ ነው? አንገቱ ደክሞት ነው? ነርሷን ሄጄ ጠየቅኋት፤ "ይሰማሉ ይሆናል" አለችኝ። አንድ ሰዓት ሙሉ እዚያው ተቀምጬ እንዲዞር ጠበቅሁት። አልዞረም።

የካቲት 24

ትኩሳት። ሳንባው ነው አሉ። ትንፋሹ ይንተከተካል። ዶክተር ኪየር አንቲባዮቲክ ለወጠ። ወንዶሰን በየሰዓቱ "ግፊቱ ስንት ነው?" ይላል። ቁጥር መስማት አስጠላኝ።

የካቲት 26

አባዬ ዐረፈ። ጠዋት ሁለት ሰዓት።

የካቲት 27

አቦቦ፣ መንደር ሰባት። እናቴ አጠገብ ቀበርነው። ዛሬስ ደረስኩ... ምን ዋጋ አለው።

ድንኳኑ ከቤታችን ደጅ ተተክሏል። ጋሼ ኦጅዋክ ከመንገዱ ማዶ፣ ከኒሙ ዛፍ ሥር ተቀምጧል። ቀብር ላይ ከሰው ሁሉ ኋላ ነበር። ድንኳን አይገባም። ወደ ቤቱም አይሄድም። ነጅሚያ ከከተማ መጥታ አየችውና "ያ ሽማግሌ ማነው? ለምን አይገባም?" አለችኝ። "የአባዬ ጓደኛ ነው" አልኳት። ለሁለተኛው ጥያቄ አልመለስኩም።

የካቲት 29

ዛሬ ሣልስቱ ነው። እንደ ሆነው ልጻፈው።

ከድንኳኑ ጀርባ ጎረምሶቹ ሲያወሩ ሰማሁ። "መድኃኒቱን ጨርሶበት ነው።" "ከእርሻው ድንበር መነቀል ነው ያለበት።" "ዛሬ ማታ እንነግረዋለን።" ወንዶሰን መሃላቸው ነው። አይናገርም፣ ግን ተዉ አላለም።

ገባሁ። ሰዉ መሃል ቆምኩ።

"አባዬን የጎዳሁት እኔ ነኝ" አልኩ።

አንዷ አክስቴ ተነስታ ክንዴን ያዘች። "ኀዘኑ ነው የሚያናግራት፣ ውሃ ስጧት።"

"ኀዘን አይደለም። ዶክተሩ ያላዘዘውን ኪኒን ሦስት ማታ ሰጥቼዋለሁ። ቁጥሩ ቶሎ እንዲወርድ ብዬ። ወረደ። ከሚገባው በታች ወረደ። ሐኪሙ ሲጠይቀኝ አልሰጠሁም አልኩ። ጋሼ ኦጅዋክ ሲባረርም እያወቅሁ ዝም አልኩ።"

ሴቶቹ ለቅሷቸውን ያዙት። ወንዶሰን ከጀርባ መጣ።

"ያን ፎቶ የላክሽልኝ ቀን?"

"አዎ። ያን ቀንም።"

ፊቱን ማየት አልቻልኩም። ወጥቼ መንገዱን ተሻገርኩ። ለጋሼ ኦጅዋክም እዚያው ቆሜ ደገምኩለት። ዱላውን መሬት ላይ እየወጋ ሰማኝ።

"ይግዛው ያውቃል?"

"ነግሬዋለሁ። ይስማ አይስማ አላውቅም።"

ተነሳ። እኔን አልፎ ወደ ድንኳኑ ሄደ። በሩ ላይ ቆም ሲል ወንዶሰን ከወንበሩ ተነስቶ አስቀመጠው። ሁለቱም ወደ እኔ አላዩም። ጎረምሶቹ አንድ በአንድ ተበተኑ።

መጋቢት 4

ለዶክተር ኪየር ነገርኩት። አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

"አራተኛው ብቻ ነው አልልም" አለ። "ሦስቱም ለአባትሽ አዲስ ነበሩ። ሳላጣራ በሙሉ መጠን አስጀመርኩት፣ ያ የእኔ ነው። አራተኛው ግን የአንቺ ነው።"

"ያን ቀን እውነቱን ብነግርህ ይተርፍ ነበር?"

እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ ሲያንከባልል ቆየ። "አላውቅም ቤርሳቤ። ለሌላው እንዲህ ብዬ መመለስ አልወድም። ግን አላውቅም።"

ነጅሚያ የፋርማሲውን ቁልፍ ተቀበለችኝ። "ወር ቤትሽ ተቀመጪ። ከዚያ እናያለን።" ስትቀበለኝ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ቁልፉን ግን ወሰደችው።

መጋቢት 20

አጁሉ ከትየርኪዲ ደወለች። አባቷ እስካሁን አልዋጠም። የተረፉትን ኪኒኖች አልዌሮ ጥሏቸዋል። ሁሉን ሰምቶ፣ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን አውቆ፣ እንዲያም ሆኖ እምቢ አለ። እኔ ስናገር ሁሉ ነገር የሚስተካከል መስሎኝ ነበር...

"መታወቂያውን እያስወጣሁለት ነው" አለች። "ካርዱ ሲመጣ ይዤው እመጣለሁ።"

"ወደ እኔ አይመጣም" አልኳት።

"እኔም ድንኳኑ አይገባም ብዬ ነበር፤ ገባ" አለች። ከዚያ ስልኩ ተቋረጠ። ኔትወርክ ይሁን እሷ ትዝጋው አላውቅም።

ሚያዝያ 5፣ እሑድ

አርባው ዛሬ ዋለ፣ ከሆሳዕና ጋር። ወንዶሰን በሰው ፊት ምግብ አቀረበልኝ፣ ደህና ነሽ አለኝ፣ ባጃጅ ጠራልኝ። እንደ እንግዳ።

ሚያዝያ 21

ሥራ ከተመለስኩ ሁለት ሳምንት ሆነኝ። ነጅሚያ የምሰጠውን ሁሉ ከኋላዬ ታያለች። እኔም ደግሜ አያለሁ።

ዛሬ ወንዶሰን ልጁን ታቅፎ ከአቦቦ መጥቶ በፋርማሲያችን ደጅ አለፈ። ልጁ ትኩሳት አለበት፣ ከሩቅ ያስታውቃል። ወደ ማዶው ፋርማሲ ገባ። በመስታወቱ አየሁት። ሽሮፑን ይዞ ሲወጣ ቀና አለና ዓይን ለዓይን ገጠምን። ራሱን ነቅንቆ ሰላም አለኝ። እኔም እንዲሁ።

ልጁን ስንት ኪሎ ነው ብለው ጠይቀውት ይሆን? መጠኑን አስተካክለው ሰጥተውት ይሆን? ይህን እያሰብኩ ዋልኩ።

አልፈርድበትም። ግን አመመኝ።

ግንቦት 11፣ ሰኞ

ዝናብ ጀመረ። መንገዱ ጭቃ ሆኗል።

አራት ሰዓት ገደማ አጁሉ ገባች። ከኋላዋ ጋሼ ኦጅዋክ። ጫማውን ደጃፉ ላይ ጠረገና መጥቶ መደርደሪያው ፊት ቆመ። አዲሱን ካርድ አስቀመጠ፣ የዶክተር ኪየርን ወረቀት አስቀመጠ፣ ከዚያ እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱን ዘረጋልኝ።

"ለኪኝ።"

"ጋሼ፣ ዶክተሩ ለክቶሃል እኮ። ነጅሚያ ትለካህ?"

"አንቺ ለኪኝ።"

መለኪያውን ሁለቴ ነው ያሰርኩት። 198 በ114። ቀና ብዬ አየሁት። ቆሟል፣ ይተነፍሳል፣ ያየኛል። ይህ ቁጥር ለእሱ ዛሬ ሜዳው ነው።

"ይወርዳል?" አለ።

"ይወርዳል። ግን ቀስ ብሎ ነው ጋሼ። በዚህ ወር 180 ብንደርስ ይበቃናል። ስትነሳ ዓይንህ ከጨለመብህ፣ ራስህ ባዶ ከሆነብህ ዝም እንዳትል። ለእኔ ንገረኝ፣ ለዶክተሩ ንገረው።"

"ይግዛው ነግሮሽ ነበር?"

"ነግሮኝ ነበር።"

ራሱን ነቀነቀ። ወረቀቱ ላይ ያለው አንድ ዓይነት ብቻ ነው፣ ትንሹ መጠን፣ ጠዋት አንድ ፍሬ። ቆጠርኩ፤ ነጅሚያ ደግማ ቆጠረች። ፖስታው ላይ ጻፍኩበት። አጁሉ ተቀብላ ቦርሳዋ ውስጥ ልታስገባ ስትል ጋሼ ከእጇ ወስዶ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው።

ለደንበኛ ሁሉ መጨረሻ ላይ የምለው ነገር አለ። አፌ ለምዶታል፣ ሳላስበው ወጣ።

"ለሌላ ሰው እንዳታካፍል።"

"ለማን?" አለኝ።